ሐረር የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን መርጣችሁ ሂዱ

ከበል ታውቃላችሁ? ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ነው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እጅ ይያዝና እርስ በርሱ ይማታል፣ በቃ። ልጅ ሆኜ ሐረር ሙዚየም ውስጥ ሳየው ምንም አልመሰለኝም፣ ዓይኔን የሳቡት ጎራዴዎቹና የብር ጌጦቹ ነበሩ፣ አልፌው ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ከቆየሁ በኋላ ማለት ነው፣ ለሹዋሊድ (ከዒድ አልፈጥር በኋላ የሚመጣው የሐረሪዎች በዓል ነው) ሐረር ተመለስኩና አንድ ሌሊት ሕዝቡ መሀል ቆሜ ያንኑ እንጨት ሰማሁት። ከረቡው (ከበሮው ነው) ከሥር እየመታ፣ ሽማግሌዎቹ ዚክሪውን (የጸሎት ዜማው ነው) እየመሩ፣ ሴቶቹ ሁሉም በአንድ እጅ የሚመቱ ይመስል ከበሉን ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉት እግሬ ሥር ያለው መሬት አብሮ የሚመታ መሰለኝ። ጠዋት ተነስቼ ሙዚየም ሄድኩና እንጨቱ ፊት ቆምኩ። ያው እንጨት ነው ግን አሁን ድምፅ አለው።

ይሄን ያነሳሁት ሰሞኑን ብዙ ሰው "ሐረር ልሄድ ነው፣ ሙዚየሞቹ ላይ ምን አለ፣ መቼ ብሄድ ይሻላል" እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። መልሴ አንድ ነው፣ ቀኑን ምረጡ። ሐረር ውስጥ መስታወት ውስጥ የምታዩት ዕቃ አብዛኛው ዛሬም ጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰርግ ላይ ተለብሶ፣ በዓል ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ዕቃው ከሰው እጅ ጋር የሚገናኝበትን ቀን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ሙዚየሙ ሌላ ሙዚየም ይሆንላችኋል።

መጀመሪያ ግን ስለ ሙዚየሞቹ ልንገራችሁ፣ ከፊት ያሉትን ቀናት ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

ዋናው ለኔ የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው እግር ቤት ለቤት እየዞሩ የሰበሰቡት ነው። መጀመሪያ ዕቃው የነበረው እዛው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው፣ በኋላ የክልሉ መንግሥት የተፈሪ መኮንን ቤት የሚባለውን ሰጣቸውና ወደዛ ገባ። ይሄ ቤት ራሱ ኤግዚቢሽን ነው፣ የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው ይባላል፣ በሩ ላይ ቀና ብላችሁ ካያችሁ የህንዶቹ ጋኔሽ፣ ያ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ፣ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ተፈሪ መኮንን ያኔ የሐረር ገዢ ነበሩ፣ እቴጌ መነንን አግብተው የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ ቤት እንዳሳለፉም ይነገራል። እስኪ አስቡት፣ በህንድ ነጋዴ የተሠራ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው የኖረበት ቤት ውስጥ አንድ ግለሰብ የሰበሰበው የእስልምና የእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ፣ ከፎቁ በረንዳ ላይ ቆማችሁ የጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር ማለት ነው፣ ጣሪያዎችና ሚናራዎች ታያላችሁ። ሐረር ማለት ይሄ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ውስጥ ምን አለ ካላችሁ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጡት መጻሕፍቱ ናቸው። ቁርኣኖች፣ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መጻሕፍት፣ በአረብ ፊደል በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ የተጻፉ ጽሑፎች። ሐረር የመጽሐፍ ከተማ ነበረች፣ የሚጽፈው፣ የሚደጉሰው፣ ቆዳውን የሚያለፋው፣ ሁሉም እዛው ግንብ ውስጥ ነበረ። የድጉሱን ቆዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ በማኅተም የተጫነውን ሐረግ፣ ክዳኑ እንደ ፖስታ ታጥፎ የመጽሐፉን ከንፈር እንዴት እንደሚሸፍን። ይሄ የድጉስ ሙያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፣ አብዱላሂ ሸሪፍ የድሮዎቹን መጻሕፍት እየፈቱ እያጠኑ ነው መልሰው ያስነሱት። አንድ ሰው የሞተ ሙያን ከመጽሐፉ ገላ ላይ አንብቦ ሲያስነሳ ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል።

ሳንቲሞቹንም እንዳታልፏቸው። ሐረር አሚሮች የሚያስተዳድሯት ራሷን የቻለች መንግሥት በነበረች ጊዜ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር፣ ስሙ ማሕለቅ ይባላል። አዎ፣ እኛ በአማርኛ መሐለቅ የምንለው! ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ንገሯቸው፣ ቃሉን ሲያውቁት ሳንቲሙ ላይ ዓይናቸው ይቆማል።

አሁን ስለ ስፌቱ ላውራ፣ ይሄ ለኔ ከባድ ነው።

እኔ ያደግኩት ከግንቡ ውጪ ነው፣ የአማራ ቤተሰብ ነን፣ ግን ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ሐረሪ ነበሩ፣ እማዬ ወስፌ አያያዝ የተማረችው ከሳቸው ነው። ሐረሪ ሴቶች ስፌትን ሞት ነው የሚሉት (ቃሉ እንዳያስደነግጣችሁ)፣ ብዙ ዓይነት አለው፣ እያንዳንዱ ስም አለው፣ እያንዳንዱ ግድግዳ ላይ የራሱ ቦታ አለው፣ ሐማት ሞት የሚባለው ለምሳሌ ስሙ እንደሚለው ከአማት ጋር የተያያዘ የሰርግ ስፌት ነው። ድሮ ልጃገረዶች አንድ ቤት ተሰብስበው ከአንዲት ባለሙያ ሴት ሥር ሆነው ነበር የሚማሩት። እማዬ እዛ አልገባችም፣ እሷ የተማረችው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከእትዬ ጎን ነው፣ ሰበዙን ማርጠብ፣ አለላውን ማቅለም፣ ዙሩን መቁጠር። እትዬ ቤት ሲቀይሩ አንድ የራሳቸውን ስፌት ለእማዬ ትተውላት ሄዱ። ስድስት ዓመት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ኖረ።

ከዛ አንድ ክፉ ዓመት መጣ፣ አባቴ ታሞ የተኛበት ዓመት፣ መስከረም ሊገባ ሲል የኛ ዩኒፎርምና ደብተር አልተገዛም፣ እና ቤት ለቤት እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ሰው መጣና ስፌቱን አየው። እማዬ ሸጠችው። ስንት እንደሰጣት አልናገርም፣ ደብተሩን ብቻ ነው የሸፈነው። ሰውየው ከሐረር የለቀመውን ዕቃ ወደ ውጪ እንደሚልክ በኋላ ነው የሰማነው። እማዬ ስለዛ ስፌት ተናግራ አታውቅም፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ምስማር ግን ማንም እንዲነቅለው አልፈቀደችም፣ ቤቱን እስክንለቅ ድረስ ባዶውን እዛው ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት እማዬን ይዤ ሙዚየም ወሰድኳት። ስፌቶቹ ያሉበት ግድግዳ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ የኛን እየፈለገች መሰለኝ። የኛ አልነበረም። ከዛ በጣቷ አንዱን አሳየችኝና "ይሄን የሠራችው በግራ እጇ የምትሰፋ ሴት ናት" አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት ዙሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ አሳየችኝ፣ ሌሎቹ ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ ያ ብቻ በተቃራኒው ነው። ስንት ሰው ፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል፣ ያቺ ግራ እጇን የምትጠቀም ሴትዮ ግን እዛው ዙሩ ውስጥ ተቀምጣ የሚያውቃት ስትጠብቅ ነበር። እኔ ሙዚየም ስትሄዱ የሚሰፋ፣ የሚደጉስ፣ የሚሸምን ሰው ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። የናንተ እናት፣ የናንተ አክስት መስታወቱ ጎን የተጻፈውን ሳታነብ ዕቃውን ታነበዋለች።

የሐረሪ ቤትም አለ፣ ጌይ ጋር ይሉታል። እንደ ሙዚየም የተዘጋጀም አለ፣ ሰው እየኖረበት ለእንግዳ የሚከፈትም አለ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ትገባላችሁ፣ ፊት ለፊት ነደባው ይታያችኋል፣ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ደንብ አለው፣ የቤቱ ጌታ፣ ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ሴቶቹ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ስም አለው። መደቡ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ሲሸነፍ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ብለው ይነግሯችኋል። ቤቱ ውስጥ ሲነግሯችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት የዛ ዘመን ታሪክ ሌላ ነበር፣ ያቺን ቀይ መደብ ላይ ተቀምጬ ከሰማሁ በኋላ ግን አንድ ጦርነት ሁለት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት እንደሚነገር ገባኝ፣ አሁንም ድረስ አብሮኝ ያለ ነገር ነው።

ራምቦ ቤትን በአጭሩ ልለፈው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው ለንግድ ነው፣ ቡናና ቆዳ። እስከ 1891 እየወጣ እየገባ ኖረ፣ ግጥም መጻፉን ያኔ ትቶት ነበር። በስሙ የሚጠራው ቤት ውስጥ ራሱ እንዳልኖረበት ነው ታሪኩን የሚያውቁት የሚሉት፣ ቤቱም የህንድ ነጋዴ ሥራ ነው፣ ቢሆንም ባለቀለም መስታወቶቹና የተሳለው ጣሪያው ብቻ ያስኬዳል። የድሮ የሐረር ፎቶዎችን እዛ ታያላችሁ፣ ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ውስጥ ጥቂት ፎቶ አንስቷል። ከቤቱ ስትወጡ መኪና ግርግርን አትርሱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በሲንጀር መኪናቸው በረድፍ ተቀምጠው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ፣ ስሙም የመጣው ከመኪናው ድምፅ ነው።

እሺ አሁን ቀናቱ።

ከሁሉም በፊት ሹዋሊድ። ቀኑን በአማርኛ ካሌንደር ቆርጬ ልነግራችሁ አልችልም ምክንያቱም በጨረቃ ነው የሚሄደው፣ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፣ አቆጣጠሩ ግን ቀላል ነው። ዒድ አልፈጥር የሸዋል ወር 1ኛ ቀን ነው፣ ከዛ ስድስት ቀን ይጾማል፣ በረመዳን ያመለጣቸውን ቀን ለማካካስ የሚጾሙ አሉ፣ ከዛ ስምንተኛው ቀን ሹዋሊድ ነው። ዒድ መቼ እንደሆነ ስትሰሙ በጣታችሁ ቁጠሩ። በዓሉ ሦስት ቀን ይይዛል፣ አው ሹሉም አህመድና አው አክበራ የሚባሉት ሁለት ቦታዎች ላይ ነው ሰው የሚሰበሰበው። ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፣ ከመስቀል፣ ከፊቼ ጨምበላላ፣ ከገዳና ከጥምቀት ቀጥሎ ከኢትዮጵያ አምስተኛው ማለት ነው። ያን ሰሞን ቤት ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ልጃገረዶቹ ያላቸውን ሁሉ ለብሰው ይወጣሉ፣ ድሮ ከነቤተሰቡ ትዳር የሚታሰብበት ቀን ነበር፣ አሁንም ዓይንና ዓይን የሚገናኝበት ነው። ሙዚየም ውስጥ ያለውን የሐረሪ ቀሚስና ጉፍታ (ፀጉሩ ለሁለት ተጠቅልሎ የሚሸፈንበት) ጠዋት አይታችሁ ማታ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ለብሳው ስትስቅ ታዩታላችሁ። ከቶሮንቶ፣ ከአሜሪካ፣ ከሳውዲ የሚመጣ የሐረሪ ልጅ ብዙ ስለሆነ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፣ እኔ አንድ ጊዜ ሳልይዝ ሄጄ ድሬዳዋ ነው ያደርኩት።

ቀጥሎ አሹራ፣ የሙሐረም 10ኛው ቀን። ይሄኛው ሌሊት ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል። ቱሪስት ሁልጊዜ ማታ ሄዶ የሚያየው የሥጋ ማብላቱን ነው፣ የአሹራው ግን ሌላ ነው፣ ጅቡ ገንፎውን እንዴት እንደበላ አይተው ሽማግሌዎቹ ስለሚመጣው ዓመት ይነጋገራሉ፣ ደህና ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል። ያን ቀን ግንቡን በእግራችሁ ዙሩትና ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ፈልጉ፣ ጅቡ ማታ ማታ እንዲገባ እንዲወጣ የተተወለት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ከጠላት ለመከላከል ያሠሩት ግንብ ለጅብ በር አለው፣ እኔ ከየትኛውም ግንብ ይሄን ነው የምወደው። ጀጎልን ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ግንቦት 10 ደግሞ የዓለም የሙዚየም ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል፣ ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ነው የጀመረው፣ በየዓመቱም አንድ መሪ ሐሳብ ይወጣለታል። ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ቀን ያዙልኝ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስ ነበር፣ አስራ ሁለት ዓመት ስማር አንድም ቀን አልወሰዱንም፣ አክሱምንና ላሊበላን ከመጽሐፍ አጠናን፣ የደጃችንን ግን ማንም አላሳየንም። አስተማሪ ከሆናችሁና ሐረር ወይም ድሬዳዋ ወይም ሐሮማያ ካላችሁ እባካችሁ ግንቦት 10ን አስመልክታችሁ ለሙዚየሙ ቀድማችሁ ደውሉና ክፍላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የአያቱን አንድ ዕቃ ስም ይዞ ይምጣ በሉት፣ ስኒ ይሁን፣ ወስፌ ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ እና እዛ ሄዶ መሳዩን ይፈልግ።

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀንና መስከረም 17 የዓለም ቱሪዝም ቀንም አሉ፣ የባህል ልብስና ዕቃ የሚታይባቸው ናቸው፣ መስከረም 17 ግን መስቀልም ስለሆነ ሁለቱን አገናኝታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ እነዚህን ከሹዋሊድ ጋር አላወዳድራቸውም።

አካሄዱ ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 525 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወይ በአውሮፕላን ወይ በባቡር ድሬዳዋ ገብታችሁ ከዛ በሚኒባስ ሐሮማያን አልፋችሁ ሐረር፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከድሬ ሙቀት ስትወጡ ማታ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ፣ አሮጌዎቹን ፔጆ 404 ታክሲዎች ካገኛችሁ ግን እነሱን ያዙ። ጀጎል ውስጥ በእግር ነው፣ ጫማችሁ ምቹ ይሁን። ዓርብ ከሆነ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ሙዚየም በዛ ሰዓት አትሂዱ፣ ጠዋት ቶሎ ግቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ ሹዋሊድ ላይ ሴቶቹን፣ ዚክሪው ጸሎት ነው። ለቤት ሃልዋ ይዛችሁ ኑ፣ ቁጢም (ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው) ቅመሱ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከሐረር የመጣ ዕቃ ካለ፣ ስፌት፣ የድሮ ፎቶ፣ የሰርግ ካሴት፣ በአረብ ፊደል የተጻፈ ብራና ወይም ወረቀት፣ ለሚዞር ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙዚየም ወስዳችሁ አሳዩት። ስጡ አላልኩም፣ አሳዩ። ማን እንደሠራው፣ ከማን እጅ እንደመጣ የምታውቁትን ከጀርባው ጻፉበት። የእትዬን ስፌት ያኔ ማንም ፎቶ አላነሳውም፣ አሁን ያለበትን የማውቅበት መንገድ የለኝም፣ መልኩን እንኳን እኔና እማዬ ስንነጋገር ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ቀይ ነው ጥቁር ነው በሚለው አንስማማም።

ለሚመጣው ሹዋሊድ እማዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ታናሽ እህቴና ሁለቱ ልጆቿም አብረውን ናቸው። እማዬ ከገና በፊት አንድ ስፌት ጀምራለች፣ ስንት ዘመን ወስፌ ሳትነካ ቆይታ፣ አሁን ሰሐን ያህል ደርሷል። ሐረር ሄጄ የእትዬን ልጆች ፈልጌ ዙሩ ልክ መሆኑን አሳያቸዋለሁ ብላለች፣ አለላውም ሐረር ገበያ ነው የሚገዛው ብላ መሀሉን ያለ ቀለም ትታዋለች። ስፌቱንም ወስፌዋንም በነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች፣ ኤርፖርት ላይ ሹል ነገር ብለው እንዳይወስዱባት ነው ባቡሩን የመረጥነው።